ድራማ ፊልም እንዴት ይመረጣል? ከቅርቦቹስ የትኞቹን እንይ?

ቅዳሜ ማታ «ምን እንይ?» ብሎ ስልኩን ሲያገላብጥ ግማሽ ሰዓት የሚያልፍበት ሰው ብዙ ነው። አክሽን ከሆነ ምርጫው አይከብድም፤ ትሬይለሩ ራሱ ይናገራል። ኮሜዲም እንደዚያው ነው፤ ወይ ያስቃል ወይ አያስቅም። ድራማ ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ትሬይለሩ ላይ ሁለት ሰዎች ዝም ብለው ይተያያሉ። ፖስተሩ ላይ የቅጠል ጉንጉን የመሰሉ የሽልማት ምልክቶች ተደርድረዋል። ከጎኑ ዘጠና ምናምን በመቶ የሚል ቁጥር አለ። ከዚያ ፊልሙ ይከፈታል፤ ሃያ ደቂቃ ይታያል፤ «ምንም አይፈጠርም እንዴ?» ተብሎ ይዘጋል።

ይሄ በጣም ያስቆጫል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የወጡት ድራማዎች ውስጥ አንጀት የሚበሉ ሥራዎች አሉ። አንዳንዶቹ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ቅርብ ናቸው። ችግሩ የሚያስተዋውቃቸው ቋንቋ ነው። «ፓልም ዶር»፣ «ግራንድ ፕሪ»፣ «ኢንተርናሽናል ፊቸር» ሲባል ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው፤ የሚታዩትንም መንገዳችን ላይ እያነሳን እንሂድ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

## ድራማ ሲባል ምን ዓይነት ፊልም ነው?

እዚህ የምናወራው በየሳምንቱ ስለሚቀጥለው የቴሌቪዥን ተከታታይ አይደለም። በአንድ ቁጭታ ስለሚያልቅ የፊልም ዘውግ ነው። በአጭሩ፣ ታሪኩን የሚገፋው የሰው ውሳኔ የሆነበት ፊልም ድራማ ነው። ውስጡ ወንጀል፣ ፍርድ ቤት ወይም ጦርነት ሊኖር ይችላል። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ አንድ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ይፈልጋል፤ ለማግኘት የሚያጣው ነገር አለ፤ መወሰን አለበት።

ከሜሎድራማ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ሜሎድራማ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ቀድሞ ይነግረናል። ክፉዋ አማት ከመግባቷ በፊት ሙዚቃው ይቀየራል። እንባው ሲመጣም ዜማው ቀድሞ ይደርሳል። ይሄ ነውር የለውም፤ በአማርኛ ድምፅ የመጡልን የቱርክ ተከታታዮች በየቤቱ የተወደዱት አንዱም በዚህ ነው። ድራማ ግን ፍርዱን ለእኛ ይተዋል። ሁለቱም ወገን እውነት ሊኖረው ይችላል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ «እሷ ናት ጥፋተኛዋ»፣ «ኧረ እሱ ነው» እያላችሁ ከተጨቃጨቃችሁ ድራማው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

## ታዲያ ለምን «ምንም አይፈጠርም» ይባላል?

የሚፈጠረው ነገር ሰውየው ውስጥ ስለሆነ ነው። ዓይናችን ደግሞ የሚሮጥ መኪና መፈለግ ለምዷል። ይህን ለማየት አንድ ፊልም ጠጋ ብለን እንይ።

«ኦል ዊ ኢማጂን አዝ ላይት» የህንድ ፊልም ነው። የወጣው በ2024 ሲሆን አዘጋጇ ፓያል ካፓዲያ ትባላለች። ዘፈንና ጭፈራ የለበትም። ፕራባ እና አኑ ከደቡብ ህንዷ ኬረላ ግዛት መጥተው ሙምባይ ውስጥ የሚሠሩ ነርሶች ናቸው፤ የሚኖሩትም አንድ ቤት ውስጥ ነው። ፕራባ ቤተሰብ ያጋባት ባል አላት። ባልየው ከሠርጉ ብዙም ሳይቆይ ጀርመን ሄደ። መደወሉንም ተወ። አኑ ደግሞ ቤተሰቦቿ ፈጽሞ የማይቀበሉት ልጅ ወዳለች፤ እሷ ሂንዱ ናት፣ እሱ ሙስሊም ነው።

አንድ ቀን በፖስታ አንድ ካርቶን ይመጣል። ውስጡ የሩዝ መቀቀያ ማሽን አለ፤ አዲስ፣ ቀይ፣ ጀርመን የተሠራ። ደብዳቤ የለውም። የላኪ ስምም የለውም። ፕራባ ምንም አትልም፤ ታስቀምጠዋለች። ሌሊት ላይ ብቻዋን ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብላ ማሽኑን ታቅፈዋለች።

በቃ፣ ትዕይንቱ ይኸው ነው። ጩኸት የለም፣ ንግግር የለም። ግን ባሏ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ድምፁ የጠፋባት፣ ወይም እህቱ አረብ አገር ሆና በዓመት አንዴ ዕቃ ብቻ የምትልክለት ሰው ይህን ሲያይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሰው ሲፈልጉ ዕቃ ሲመጣ ምን እንደሚሰማ ያውቀዋል። «ምንም አልተፈጠረም» ከምንለው ትዕይንት ውስጥ የአንዲት ሴት ትዳር በሙሉ አለ።

ስለዚህ ድራማ ስታዩ ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፦ ይህ ሰው ምንድን ነው የሚፈልገው? መልሱን ካገኛችሁ ቀሪው ይጎትታችኋል። ሌላው ምክሬ ስልኩን ከእጅ ማስቀመጥ ነው። አክሽን ፊልም ሜሴጅ እየመለሱ ማየት ይቻላል። ይህን ዓይነቱን ግን አይቻልም፤ ቀና ስትሉ ማሽኑ ታቅፎ አልቋል።

## የሽልማት ምልክቶቹ ምን ይነግሩናል?

በየዓመቱ በዓለም ላይ የሚሠራውን ፊልም አንድ ሰው አይቶ አይጨርሰውም። ፌስቲቫል የሚባለው ነገር እንደ ወንፊት ነው። መራጮች ከተላከላቸው ብዙ ሺህ ፊልም ጥቂቱን ያስቀራሉ። ከዚያ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ዳኛ ቡድን ተቀምጦ የተረፉትን ያወዳድራል።

ትልልቆቹ ሦስት ናቸው። በርሊን በየካቲት ወር ይካሄዳል፤ ከፍተኛ ሽልማቱ ወርቃማ ድብ ነው። ካን በግንቦት ፈረንሳይ ውስጥ ይካሄዳል፤ ከፍተኛ ሽልማቱ ፓልም ዶር ወይም ወርቃማ ዘንባባ ይባላል። ቬኒስ ደግሞ የክረምቱ ማብቂያ ላይ ነው፤ ወርቃማ አንበሳ ይሰጣል። ካን ላይ «ግራንድ ፕሪ» የሚባለው ስሙ ትልቁን ይመስላል እንጂ በደረጃ ሁለተኛው ነው። የነርሶቹ ፊልም በ2024 ያገኘው ይህንን ነው። የህንድ ፊልም ለካን ዋና ውድድር ሲበቃ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር።

ኦስካር ሌላ ነገር ነው። ዳኞቹ ጥቂት ሰዎች አይደሉም። ሽልማቱን የሚሰጠው የአሜሪካ ፊልም አካዳሚ ነው፤ በፊልም ሥራ ውስጥ ያሉ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ አባላቱ ድምፅ ይሰጣሉ። ስለዚህ ዘመቻ፣ ማስታወቂያና ገንዘብ ሚና አላቸው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አባላቱ ዕጩዎቹን በሙሉ ማየታቸው ግዴታ አልነበረም። በመጨረሻው ዙር ለመምረጥ በዘርፉ ያሉትን ዕጩዎች ሁሉ ማየት ያስፈልጋል የሚለው ደንብ የወጣው በ2025 ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ «ምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልም» (ኢንተርናሽናል ፊቸር) የሚባለውን ዘርፍ ነው። እዚህ ለረጅም ጊዜ በቆየው ደንብ ፊልሙን የሚልከው አገር ነው፤ አንድ አገር አንድ ፊልም ብቻ። ከንግግሩ ከግማሽ በላይ ከእንግሊዝኛ ውጭ መሆን አለበት። ናይጄሪያ በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ የላከችው ፊልም አብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለነበር ከውድድር ወጥቶባታል። አገር ስለሚመርጥም ጥሩ ፊልም እዚያው አገሩ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ህንድ ያንን የነርሶቹን ፊልም አልላከችም፤ ሌላ ነው የመረጠችው። ፈረንሳይም በ2023 ፓልም ዶር ያሸነፈላትን «አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል» ትታ ሌላ ላከች። ያ ፊልም በኋላ በሌላ በር ገብቶ የምርጥ ድርሰት ኦስካር ወሰደ።

ለእኛ ለተመልካቾች ትርጉሙ ይህ ነው። ሽልማት ካየን ቢያንስ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች አይተው «ይህ ተራ አይደለም» ብለዋል። ሽልማት ከሌለው ግን ወድቋል ማለት አይደለም። እኔ ለድራማ ከኦስካር ይልቅ የካንን ዝርዝር አስቀድማለሁ፤ ብዙ ጊዜ የምወደውን ያገኘሁት እዚያ ነው።

## 97 በመቶ ሲባል ከመቶ 97 አገኘ ማለት ነው?

አይደለም። ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት ይገባል።

ሮተን ቶሜቶስ የሚባለው ድረ ገጽ የሃያሲያንን ጽሑፍ ይሰበስባል። እያንዳንዱን ጽሑፍ «ወዶታል» ወይም «አልወደደውም» ብሎ ይከፍላል። መቶኛው የወደዱት ሰዎች ድርሻ ነው። ምን ያህል እንደወደዱት አይናገርም። አሥር ሃያሲያን ሁሉም «ደህና ነው፣ ከአሥር ስድስት» ቢሉ ፊልሙ 100 በመቶ ያገኛል። በሌላ በኩል ሰባቱ «ድንቅ ነው» ብለው ሦስቱ ቢጠሉት 70 በመቶ ይሆናል። ማታ ለማየት የትኛውን ትመርጣላችሁ? እኔ ሁለተኛውን።

ሜታክሪቲክ የሚባለው ሌላ ድረ ገጽ ሃያሲያኑ የሰጡትን ነጥብ አማካይ ስለሚያወጣ ለዚህ ይሻላል። አይኤምዲቢ ላይ ያለው ደግሞ በአብዛኛው የተራ ተመልካች ድምፅ ነው። ዝምተኛ ድራማዎች እዚያ ትንሽ ዝቅ ብለው መታየታቸው የተለመደ ነው፤ ያ አያስፈራችሁ።

## ብዙዎቹ ለምን ስለ እስርና ስለ መንግሥት ይሆናሉ?

ድራማ የሚኖረው በውሳኔ ነው ብለናል። ሰው በጣም ከባድ ውሳኔ የሚወስነው ደግሞ ጉልበት ያለው አካል በሩን ሲያንኳኳ ነው። ከቅርቦቹ ውስጥ በጣም የማደንቃቸው ሁለቱ እዚህ ጋ ናቸው። እንደ ኢትዮጵያዊ ዝም ብሎ ማየትም ይከብዳል።

አንደኛው የብራዚሉ «አይም ስቲል ሂር» ነው። በ2024 የወጣ ሲሆን አዘጋጁ ዋልተር ሳሌስ ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ሩበንስ ፓይቫ የቀድሞ የምክር ቤት አባል ነበር። ከሚስቱ ከዩኒስና ከአምስት ልጆቻቸው ጋር ሪዮ ውስጥ ባሕር ዳር ይኖራል። ቤቱ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ እንግዳ ይገባል፣ ሙዚቃ አለ፣ ልጆች እግራቸው ላይ አሸዋ ይዘው ይገባሉ። በጥር 1971፣ አገሪቱ በወታደራዊ መንግሥት ስትገዛ፣ ዩኒፎርም ያልለበሱ የመንግሥት ሰዎች መጡ። አልጮኹም። ሩበንስ ሸሚዙን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ራሱ መኪናውን እየነዳ አብሯቸው ሄደ። አልተመለሰም። ሰዎቹ ግን ከፊሎቹ ቤቱ ውስጥ ቀሩ። መጋረጃው ተዘጋ።

ፊልሙ እስር ቤቱን ብዙም አያሳየንም። የሚያሳየን ዩኒስን ነው። እሷም ተወስዳ 12 ቀን ታስራ ነበር። ከዚያ ትወጣለች። ባልዋ ሞቷል ብሎ የሚነግራት የለም። አልሞተም የሚላትም የለም። ልጆቹ ራት መብላት አለባቸው። ከባንክ ገንዘብ ለማውጣት የባል ፊርማ ይጠየቃል።

አንድ ትዕይንት አለ። ስለ ሩበንስ መጥፋት የሚጽፍ መጽሔት የቤተሰቡን ፎቶ ሊያነሳ ይመጣል። ፎቶ አንሺው እንዳይስቁ ይጠይቃቸዋል፤ የመጽሔቱ አዘጋጅ ያዘነ ፎቶ ነው የፈለገው። ዩኒስ ልጆቿን «ሳቁ» ትላቸዋለች። ሁሉም ይስቃሉ። የፊልሙ ትልቁ ተቃውሞ እሱ ነው። ሰልፍ የለም፣ መፈክር የለም። ሊያለቅሱ ሲጠበቁ ሳቁ፣ አበቃ።

እውነተኛዋ ዩኒስ በኋላ ሕግ ተምራ ጠበቃ ሆነች፤ ለነባር ሕዝቦች መብትም ተሟገተች። የባሏን የሞት ምስክር ወረቀት ያገኘችው በ1996 ነው፤ ከተወሰደ ከ25 ዓመት በኋላ። ዩኒስን የተጫወተችው ፈርናንዳ ቶረስ ናት። ያረጀችውን ዩኒስን ደግሞ የገዛ እናቷ ፈርናንዳ ሞንቴኔግሮ ትጫወታለች። እናትየዋ አንድም ቃል ሳትናገር በፊቷ ብቻ የምታደርገውን ነገር ራሳችሁ እዩት። ፊልሙ በ2025 ለብራዚል የመጀመሪያውን የምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልም ኦስካር አመጣላት።

በደርግ ዘመን ሰው የተወሰደባቸው፣ ስንቅ ቋጥረው ከእስር ቤት እስር ቤት የዞሩ፣ አስከሬን እንኳን ሳያገኙ የቀሩ ቤተሰቦች በየሰፈሩ አሉ። ይህን ፊልም ከእናት አባታችን ጋር ብናየው ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ የሚወራው ወሬ ከፊልሙ ሊበልጥ ይችላል።

ሁለተኛው የኢራኑ ጃፋር ፓናሂ «ኢት ዋዝ ጀስት አን አክሲደንት» ነው። በ2025 ፓልም ዶር አሸንፏል። ፓናሂ በ2010 ለ20 ዓመት ፊልም እንዳይሠራ የተፈረደበት ሰው ነው። ከ2022 እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ ታስሮ ወጣ። ይህንን ፊልም የሠራው ያለ መንግሥት ፈቃድ ነው። ለኦስካር የላከችውም ኢራን ሳትሆን ፈረንሳይ ናት።

አነሳሱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ማታ ቤተሰቡን ይዞ ሲነዳ ውሻ ይገጫል። መኪናው ይበላሻል። ወደ ጋራዥ ይገባል። ጋራዡ ውስጥ ቫሂድ የሚባል የቀድሞ እስረኛ አለ። ሰውየው ሲራመድ ሰው ሠራሽ እግሩ ሲጥ ሲጥ ይላል። ቫሂድ ይደርቃል። እስር ቤት ውስጥ የሚያሰቃየው ሰው እግር ልክ እንዲህ ነበር ድምፁ። ግን ዓይኑ ታስሮ ስለነበር ፊቱን አይቶት አያውቅም።

ሰውየውን ይጠልፈዋል። ሊቀብረው ጉድጓድ ይቆፍራል። ሰውየው «እኔ አይደለሁም» ይላል። ጥርጣሬ ይገባል። ስለዚህ ቫሂድ ሌሎች የቀድሞ እስረኞችን በየቤታቸው እየዞረ መኪናው ላይ ይጭናቸዋል፤ አንዷ የሙሽራ ልብስ ለብሳለች። አንዱ በድምፅ፣ አንዷ በጠረን፣ ሌላው በመዳሰስ ሊለየው ይሞክራል። እሱ ከሆነስ ምን ሊያደርጉት ነው? ጥያቄው ይህ ነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ እዩት ብቻ።

ድምፅ ካነሳን አይቀር፣ የጆናታን ግሌዘር «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» ከ2023 ሊታለፍ አይገባውም። ናዚዎች አይሁዶችን የፈጁበት የአውሽቪትዝ ካምፕ አዛዥ ሩዶልፍ ሆስ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ከካምፑ ግንብ ሥር ይኖራል። ግንቡን ተሻግረን ውስጥ የሚደረገውን ግፍ አናይም። ሚስትየው አበባዋን ስትንከባከብ እናያለን፤ ከግንቡ ማዶ የሚመጣውን እንሰማለን። የምርጥ ድምፅ ኦስካር ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ከባድ ፊልም ነው፤ ደክሟችሁ በገባችሁበት ማታ አትክፈቱት።

## ሰብታይትል ማንበብ ግድ ነው?

ለአንዳንድ ፊልም አዎ። በሌላ ቋንቋ ድምፅ የተሞላበትን ማየት ይቀላል፤ ግን የሚጠፋ ነገር አለ።

«አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል» ላይ ሳንድራ ጀርመናዊት ደራሲ ናት። ባሏ ፈረንሳዊ ነው። የሚኖሩት እሱ በተወለደበት አካባቢ፣ የፈረንሳይ ተራሮች ላይ ነው። የሁለቱም ባልሆነ ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ ነው የሚነጋገሩት። ባልየው አንድ ቀን ከቤቱ ፊት ወድቆ ሞቶ ይገኛል። ወድቆ ነው? ዘሎ ነው? ገፍታው ነው? ሳንድራ ትከሰሳለች። ፍርድ ቤት ውስጥ በፈረንሳይኛ ራሷን መከላከል አለባት፤ ቃል ሲያጥራት ወደ እንግሊዝኛ ትዞራለች። በሰው አገር ቢሮ ገብቶ በደንብ በማይችለው ቋንቋ ስለ ራሱ ጉዳይ ያስረዳ ሰው ይህን ውጥረት ያውቀዋል። ፊልሙ በሙሉ በአንድ ቋንቋ ድምፅ ከተሞላ ይሄ ድራሹ ይጠፋል።

የዚህ ፊልም ልብ ደግሞ አንድ ቅጂ ነው። ባልየው ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት የተጣሉትን ጠብ በድብቅ ቀድቶታል። ፍርድ ቤት ይከፈታል። መጀመሪያ ጠቡን በምስል እናየዋለን። ልክ ድብደባ ሲጀምር ምስሉ ይቋረጥና ወደ ችሎቱ እንመለሳለን። ድምፅ ብቻ ይቀራል፤ ሰሃን ይሰበራል፣ ሰው ይመታል። ማን ማንን? አናውቅም። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆን ፊልም ነው፤ ርዝመቱ ግን አይሰማችሁም።

የነርሶቹ ፊልምም እንዲሁ ነው። ማላያላም፣ ሂንዲና ማራቲ ይነገርበታል። አንድ ዶክተር ሂንዲ አልገባው ብሎ ይጨነቃል። ብዙ ቋንቋ ባለበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ ለጌጥ የገባ ነገር አይደለም።

የአማርኛ ሰብታይትል ማግኘት ይከብዳል፤ እንግሊዝኛው ግን አለ። መጀመሪያ ላይ ዓይን ይደክማል። ትንሽ ሲቆይ ማንበባችሁን ትረሱታላችሁ።

## ለዚህ ዓይነት ፊልም አዲስ ነኝ፤ ከየትኛው ልጀምር?

ከ«ፓስት ላይቭስ» ጀምሩ። በ2023 የወጣ የሴሊን ሶንግ ፊልም ነው። አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፣ በተለይ ውጭ አገር ላለ ኢትዮጵያዊ ልብ ውስጥ የሚገባ ነው። ና ያንግ የሴኡል ልጅ ናት። በ12 ዓመቷ ቤተሰቦቿ ወደ ካናዳ ይወስዷታል። ክፍል ውስጥ የምትወደው ልጅ፣ ሄ ሱንግ፣ ይቀራል። ከ12 ዓመት በኋላ በስካይፕ ይገናኛሉ። አንደኛው ጋ ሲነጋ ሌላኛው ጋ ይመሻል፤ ምስሉ ይቆማል፤ «ይሰማሻል?» ይባባላሉ። ከዚያ ይቋረጣል። ሌላ 12 ዓመት አልፎ እሱ ኒውዮርክ ይመጣል። እሷ ስሟ ኖራ ሆኗል፣ አሜሪካዊ ባል አላት።

የምትጠብቁት የሦስትዮሽ ጠብ አይመጣም። ባልየው ጥሩ ሰው ነው። ሄ ሱንግም ጥሩ ሰው ነው። ጥያቄው የትኛውን ወንድ ትመርጣለች አይደለም። አገር ቤት ብትቀር ኖሮ ትሆን የነበረችውን ሴት ምን ታድርጋት? ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያደገ ልጅ ይህን ጥያቄ ስሙን ሳያውቀው ተሸክሞታል።

ሁለተኛ የማነሳው የቪም ቬንደርስ «ፐርፌክት ዴይስ» ነው፤ እሱም የ2023 ነው። ቶኪዮ ውስጥ የሕዝብ ሽንት ቤት የሚያጸዳ ሂራያማ የሚባል ሰውዬ አለ። ጠዋት ይነሳል፣ ዕፅዋቱን ያጠጣል፣ ካሴት ይከፍታል፣ ሥራውን በጥንቃቄ ይሠራል። ኮጂ ያኩሾ በዚህ ሚና በካን ምርጥ ተዋናይ ተብሏል። የተጨነቀ አእምሮ ያሳርፋል።

የሚያስቅም የሚያሳዝንም ከፈለጋችሁ «ዘ ሆልድኦቨርስ» አለ። በ1970 የገና ሰሞን አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የቀሩ ሦስት ሰዎች ታሪክ ነው፦ ነጭናጫ መምህር፣ ቤተሰቡ ያልወሰደው ተማሪ፣ ልጇን በቬትናም ጦርነት ያጣች ወጥ ቤት። የወጥ ቤቷን ሚና የተጫወተችው ዳቫይን ጆይ ራንዶልፍ ኦስካር አግኝታበታለች።

ከልጆች ወይም ከወላጅ ጋር የምታዩ ከሆነ ግን ቀድማችሁ የዕድሜ ደረጃውን እዩ። አሜሪካ ውስጥ «ፒጂ-13» ከ13 ዓመት በታች ላሉት ጥንቃቄ ይፈልጋል ማለት ነው፤ «አር» ደግሞ ከ17 በታች ያለ ልጅ ሲኒማ የሚገባው ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ነው ማለት ነው። «ፓስት ላይቭስ» እና «አይም ስቲል ሂር» ፒጂ-13 ናቸው። በ2025 የምርጥ ፊልም ኦስካር የወሰደው «አኖራ» ግን በግልጽ የወሲብ ትዕይንት የተሞላ ነው። በጣም ጥሩ ፊልም ነው፤ ሳሎን ውስጥ ከአባት ጋር የሚታይ ግን አይደለም። የነርሶቹ ፊልምም አጭር የእርቃን ትዕይንት አለው።

## ከእኛ አገርስ?

አዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ላይ ለዓመታት የነገሠው የፍቅር ኮሜዲ ነው። ድራማው ግን አልጠፋም።

ከቅርቦቹ የ2019ኙን የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» አስቀድማለሁ። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይጓዙ ነበር። ፊልሙ ሁለት ባላንጣዎችን እንዲህ አስሮ መንገድ ያስጀምራቸዋል። ለድራማ ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይመጣል? የሚጠሉት ሰው ካልተራመደ መራመድ አይቻልም።

ትንሽ ወደኋላ ካልን ደግሞ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» አለ። እናቱን በድርቅ ያጣ ልጅና የሚሳሳላት በግ ታሪክ ነው። በ2015 በካን ይፋዊ መርሐ ግብር የተካተተ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። በዚያው ዓመትም ኢትዮጵያ ለኦስካር ልካዋለች። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 በአሜሪካው ሰንዳንስ ፌስቲቫልና በርሊን ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የብራዚሉን ፊልም የወደደ ሰው ደግሞ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ይፈልግ። የ2008 ሥራ ነው፤ ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትን ወስዷል። ጀርመን ተምሮ ወደ ደርግ ዘመን ኢትዮጵያ የተመለሰ ሰው ታሪክ ነው። «ቅርብ» ለመባል ዕድሜው ቢገፋም ከላይ ካነሳናቸው ጋር ጎን ለጎን ይቆማል።

## አሜሪካ ያለችው እህቴ ያየችውን እኔ ለምን አላገኘውም?

የፊልም መብት የሚሸጠው በአገር በአገር ነው። አንድ ፊልም ካን ላይ ሲታይ አከፋፋዮች እዚያው ተሰብስበው ይገዛሉ። አንዱ ለሰሜን አሜሪካ ይገዛል፣ ሌላው ለፈረንሳይ፣ ሌላው ለመካከለኛው ምሥራቅ። እያንዳንዱ የራሱን ቀን ይቆርጣል። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ሲኒማ ቤት ይገባል፤ ከዚያ እየከፈሉ መከራያ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ እንደ ኔትፍሊክስ፣ ፕራይም ቪዲዮ ወይም ሙቢ ባሉት ላይ ይመጣል። በግንቦት የተሸለመ ፊልም እናንተ ጋ ለመድረስ ዓመት ቢፈጅበት አይግረማችሁ። አንዱ አገር ኔትፍሊክስ ላይ ያለው ሌላው አገር ኔትፍሊክስ ላይ ላይኖር የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ነገሩ ይከብዳል። በውጭ ምንዛሪ ካርድ መክፈል ለብዙዎች ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ ለአገራችን ብሎ መብቱን የሚገዛ አከፋፋይ እንደ ልብ አይገኝም። ብዙ ሰው ወደ ቴሌግራም የሚሄደው ለዚህ ነው። እዚያ የሚወጣው ያለ ፈቃድ የተለጠፈ ነው፤ ለሠሪዎቹ ሳንቲም አይደርሳቸውም። የአገር ውስጥ ፊልም ሲሆን ጉዳቱ ወዲያው ይታያል፤ አምራቹ ቀጣዩን ሥራ የሚሠራበት ያጣል። አዲስ አበባ ያላችሁ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና ጎተ ኢንስቲትዩት የሚያወጡትን ፕሮግራም ተከታተሉ፤ ይህን የመሰሉ ፊልሞች የሚታዩባቸው ቀናት አሏቸው።

ስትፈልጉ በፊልሙ ስም ብቻ አትፈልጉ። ተመሳሳይ ርዕስ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ «ላምብ» የሚባል የአይስላንድ ፊልም እንኳን አለ። የአዘጋጁን ስምና ዓመቱን ጨምሩበት።